ፕሮቲን ሼክ ከመግዛትዎ በፊት ማዕድዎን ይቁጠሩ

ሰው ፕሮቲን ሼክ (ፕሮቲን የበዛበት ዱቄት ተበጥብጦ የሚጠጣ) የሚጀምርበት ምክንያት ብዙ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው፤ ወይ ከምግቡ የሚያገኘው ፕሮቲን ለሰውነቱ አልበቃም፣ ወይ ደግሞ ምግቡን ለማብሰልና ለመብላት ጊዜው ወይም ፍላጎቱ የለውም። ከጂም ወጥቶ በቀጥታ ሥራ የሚገባ፣ በጾም ሥጋና ወተት የተወ፣ ሥጋ ማኘክ ያቃተው አዛውንት፣ ከቀዶ ሕክምና ተነስቶ በሁለት ጉርሻ የሚጠግብ ሕመምተኛ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከዚህ ውጭ ሼክ ከእንቁላል ወይም ከምስር የሚበልጥበት የተለየ ኃይል የለውም። ጡንቻን እንዲያድግ የሚያስገድደው ክብደት ማንሳት ነው፤ ፕሮቲን የግንባታው ዕቃ ነው። ሳይሠሩ ቢጠጡት እንደማንኛውም ትርፍ ምግብ ውፍረት ይሆናል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከሱቅ ሳይሆን ከራስ ማዕድ ነው።

ጉድለቱን ማወቅ

ስፖርት የማይሠራ ጤነኛ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል። ዕድሜው ከ65 ላለፈ ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ክብደት ለሚያነሳ ደግሞ 1.6 ግራም ገደማ ይመከራል። ከዚህ በላይ መጨመር ለአብዛኛው ሰው ተጨማሪ ጡንቻ አያመጣም። ክብደትዎ ከመጠን በላይ ከሆነ ሂሳቡን አሁን ባሉበት ሳይሆን መድረስ በሚፈልጉት ኪሎ ይሥሩት፤ አለበለዚያ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ያብጣል።

70 ኪሎ የሚመዝንና ጂም የሚሠራ ሰው እንውሰድ። 70 በ1.6 ሲባዛ 112 ግራም ነው። ይህ ሰው በጾም ቀን የሚበላውን እንቁጠር፦ ጠዋት 100 ግራም ዳቦ በሻይ፣ 9 ግራም ፕሮቲን ገደማ። ምሳ ላይ አንድ መካከለኛ እንጀራ 11 ግራም፣ ከ40 ግራም ዱቄት የተሠራ ሽሮ 8 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም። ማታ ሌላ እንጀራ 11 ግራም፣ ክክ 8 ግራም፣ ጎመን 2 ግራም። ድምሩ 58 ግራም ይመጣል። ስፖርት ለማይሠራ 70 ኪሎ ሰው ይህ በቂ ነው፤ እሱ የሚያስፈልገው 56 ግራም ብቻ ነውና ሼክ ለምኑም አይደለም። ጂም ለሚሠራው ግን 54 ግራም ይጎድላል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ከሆነ ደግሞ የጠዋቱ ዳቦ ስለሚቀር ጉድለቱ ይሰፋል።

የፍስክ ቀን ሂሳብ ሌላ ነው። ሦስት እንቁላል 18 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት (250 ሚሊ ሊትር) 8 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ 26 ግራም፣ የዶሮ ፈረሰኛ በተመሳሳይ መጠን 31 ግራም ይሰጣል። እነዚህን በየቀኑ የሚያገኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሼክ ሳያስፈልገው ይደርሳል።

ጉድለቱ ሲታወቅ መጀመሪያ በምግብ ይሙሉት። 50 ግራም የሽምብራ ቆሎ 10 ግራም፣ 30 ግራም ለውዝ ከ7 እስከ 8 ግራም ይሰጣል፤ የምሳውን ምስር በእጥፍ ማድረግ 9 ግራም ይጨምራል። እስካሁን 26 ግራም ተገኘ። የቀረው ከ25 እስከ 30 ግራም ነው፤ እሱን አንድ ሼክ ይሸፍነዋል። በቀን ሦስት አራት ሼክ የሚጠጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ይህን ሂሳብ ያልሠራ ሰው ነው።

የትኛው ዱቄት?

ገበያ ላይ በብዛት ያለው ዌይ የሚባለው ነው። ዌይ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አጓት ነው። አይብ ሲወጣ የሚቀረው ፈሳሽ ተጣርቶና ደርቆ ዱቄት ሲሆን ዌይ ይባላል። ከወተት ፕሮቲን ውስጥ 20 በመቶው እሱ ነው፤ 80 በመቶው አይብ የሚሆነው ኬሲን ነው። ኬሲንም ለብቻው ዱቄት ሆኖ ይሸጣል፤ ሆድ ውስጥ ስለሚረጋ ቀስ ብሎ ይፈጫል፣ ለረጅም ሰዓትም ያጠግባል። ለሰሁር የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ዌይ ኮንሰንትሬት ከ70 እስከ 80 በመቶ ፕሮቲን ሲሆን የወተት ስኳር (ላክቶስ) በውስጡ ይቀራል። አይሶሌት የሚባለው 90 በመቶ ገደማ ይደርሳል፣ ላክቶሱም እጅግ ትንሽ ነው፤ ዋጋው ግን ይጨምራል። ወተት ሲጠጡ ሆድዎ የሚነፋ ከሆነ ልዩነቱን መክፈል ተገቢ ነው፤ ወተት የሚስማማዎ ከሆነ ግን ኮንሰንትሬት ይበቃዎታል።

ከዕፅዋት የሚሠሩት የአኩሪ አተርና የአተር ዱቄቶች ናቸው። አኩሪ አተር ሰውነት ራሱ መሥራት የማይችላቸውን አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን የሚገነባባቸውን ንጥረ ነገሮች) በሙሉ በጥሩ መጠን ይይዛል። የአተሩ በአንድ ዓይነቱ (ሜቲዮኒን) ይደክማል፤ እንጀራና ዳቦ ያንን ስለሚያሟሉ በቀኑ ውስጥ አብረው ከተበሉ ችግር የለውም። የዕፅዋት ፕሮቲን በአንድ ጊዜ የሚያደርሰው ሊዩሲን (የጡንቻ ግንባታን የሚቀሰቅሰው አሚኖ አሲድ) ከዌይ ያነሰ ስለሆነ፣ በዌይ 25 ግራም የሚወስዱ ከሆነ በዕፅዋት 30 ግራም ያድርጉት። ኮላጅን ለቆዳ ተብሎ ይሸጥ ይሆናል እንጂ ለጡንቻ የሚሆን ሙሉ ፕሮቲን አይደለም፤ ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ ጨርሶ የለውም።

ለጿሚ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዌይ፣ ኬሲን፣ ኮላጅንና የእንቁላል ነጭ ዱቄት ፍስክ ናቸው። ማሸጊያው ላይ "ከወተት ነፃ ክሬም" የሚል ነገር ቢያዩ እንኳ ዝርዝሩ ውስጥ ሶዲየም ኬሲኔት ካለ ከወተት የወጣ ነው። ሙስሊም አንባቢ ደግሞ ኮላጅንና ጄላቲን ከየትኛው እንስሳ እንደተሠሩ የሐላል ምልክት ማየት አለበት።

ጣሳውን ማንበብ

ከፊት ለፊት የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር ይተዉትና ጣሳውን አዙረው ሁለት ቁጥር ይፈልጉ፦ የአንድ ጊዜ መጠን በግራም፣ በዚያ ውስጥ ያለው ፕሮቲን በግራም። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍለው በ100 ያባዙ። 24 ግራም ፕሮቲን በ30 ግራም ዱቄት 80 በመቶ ነው፤ ጥሩ ነው። 50 ግራም ፕሮቲን በ300 ግራም ዱቄት ግን 17 በመቶ ብቻ ነው። ይህ ሁለተኛው "ጌይነር" የሚባለው ሲሆን አብዛኛው ማልቶዴክስትሪን፣ ማለትም ከስታርች የሚሠራና በፍጥነት ስኳር ሆኖ ወደ ደም የሚገባ ዱቄት ነው፤ አንዱ መጠን ከ1000 ካሎሪ ሊያልፍ ይችላል። በጣም ቀጭን ሆኖ መብላት ለማይችል ሰው ይጠቅም ይሆናል። ቦርጭ ለመቀነስ አስቦ ይህንን ገዝቶ የሚሄድ ሰው ግን ብዙ ነው፣ ሻጩም አይነግረውም። ስኳር በሽታ ላለበት ደግሞ አደገኛ ነው።

ቀጥሎ የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር ይዩ። ፋብሪካዎች ፕሮቲንን የሚለኩት ናይትሮጅን ለክተው በ6.25 በማባዛት ስለሆነ፣ ርካሽ ናይትሮጅን ያለበት ነገር መጨመር ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ከፕሮቲኑ ጎን ግላይሲን ወይም ታውሪን ከፊት ተሰልፈው ካዩ፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ግራም በሙሉ እውነተኛ ፕሮቲን ላይሆን ይችላል። ከዕፅዋት የተሠሩ ዱቄቶች፣ በተለይ የቸኮሌት ጣዕም ያላቸው፣ ሊድና ካድሚየም የተባሉትን ከባድ ብረቶች ከሌሎቹ በበለጠ የመያዝ ዝንባሌ አላቸው፤ በየቀኑ የሚጠጡ ከሆነ ቫኒላ ወይም ጣዕም የሌለውን ይምረጡ።

አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እዚያ እንዲህ ያሉ ተጨማሪ ምግቦች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። መደርደሪያ ላይ መገኘቱ ብቻ የተመረመረ አያደርገውም። ገለልተኛ ምርመራ ያለፉት "ኤንኤስኤፍ ሰርቲፋይድ ፎር ስፖርት" ወይም "ኢንፎርምድ ስፖርት" የሚል ምልክት አላቸው። ውድድር ውስጥ ያለ ሯጭ ያለዚህ ምልክት ምንም ዱቄት መንካት የለበትም፤ የተበከለ ዱቄት የዶፒንግ ምርመራ ላይ ሊያስይዘው ይችላል፣ "አላውቅም ነበር" ማለትም ከቅጣት አያድነውም።

አገር ቤት የሚገዛ ሰው ክዳኑን ከፍቶ የውስጡ ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን፣ የምርት ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን ያልተፋቀ መሆኑን ይይ። በፌስታል እየተመዘነ የሚሸጥ ዱቄት ምን እንደሆነ ማረጋገጫ የለውምና አይግዙት።

ዋጋውን ለማመዛዘን እንቁላል ጥሩ ሚዛን ነው። 900 ግራም የሚመዝን ጣሳ 30 ጊዜ ይወጣዋል፤ በ24 ሲባዛ 720 ግራም ፕሮቲን ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ስለሚሰጥ ጣሳው ከ120 እንቁላል ጋር እኩል ነው ማለት ነው። በሰፈርዎ የአንዱን እንቁላል ዋጋ በ120 ያባዙና ከጣሳው ዋጋ ጋር ያነጻጽሩ። እንቁላሉ ረክሶ ከተገኘና ለመቀቀል ጊዜ ካለዎት መልሱ ግልጽ ነው። ግን ቀቅለው ይብሉት፤ ጥሬ እንቁላል ሼክ ውስጥ መስበር ኪሳራ ነው። የጥሬው ፕሮቲን ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው የሚፈጨው፣ የበሰለው ግን 90 በመቶ ገደማ፤ የሳልሞኔላ ስጋትም አለበት።

አቀላቀሉ

ሼከሩ (ክዳን ያለው መናጫ ብርጭቆ) ውስጥ መጀመሪያ ፈሳሹ ይገባል፣ ዱቄቱ በኋላ። ዱቄቱ ቀድሞ ከገባ ከሥር ይጣበቅና ይጓጉላል፤ ብዙ ሰው "ዱቄቱ መጥፎ ነው" የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። ከ250 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይቅዱ፣ 30 ግራም ዱቄት ይጨምሩ፣ ክዳኑን አጥብቀው 20 ሰከንድ ያህል በኃይል ይናጡት፣ አረፋው እስኪረጋ ሁለት ደቂቃ ይተዉት። ቸኩለው ከአረፋው ጋር ከጠጡት አየሩ ሆድ ይነፋል።

ዱቄቱን በሚዛን ይለኩ። ጣሳው ውስጥ ያለው ማንኪያ የሚለካው ይዘትን እንጂ ክብደትን ስላልሆነ፣ ዱቄቱ ተጠቅጥቆ ሲገባ ከተጻፈው በብዙ ግራም ይበልጣል። ሚዛን ከሌለ ማንኪያውን ሳይጫኑ ሞልተው በቢላዋ ጀርባ ይደልድሉት።

በወተት ከሠሩት 250 ሚሊ ሊትሩ 8 ግራም ፕሮቲንና 150 ካሎሪ ገደማ ይጨምራል፤ ክብደት መጨመር ለሚፈልግ ጥሩ ነው፣ ለሚቀንስ ውሃ ይሻላል። ከላም ባለቤት የተገዛ ወተት መጀመሪያ ይፍላ፤ የብሩሴላና የነቀርሳ ተህዋስያን በጥሬው ሊኖሩበት ይችላሉ። ከፈላ በኋላ ግን ይቀዝቅዝ። ዌይ ከ70 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሞቅ እንደ አይብ ይረጋል። አይመርዝም፣ ፕሮቲኑም አይጠፋም፤ ለመጠጣት ግን አይመችም። ከቡና ጋር የሚፈልጉ ከሆነ ዱቄቱን በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ቡናውን ቀስ እያሉ ይጨምሩበት።

ስለ ሰዓቱ አይጨነቁ። ከስፖርት በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልጠጡ ልፋትዎ ባከነ የሚባለው ተጋንኗል። ዋናው የቀኑ ድምር ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ ፕሮቲኑን በአንድ ማዕድ ከማጨቅ ይልቅ በሦስት አራት ማዕድ መከፋፈል ነው።

በጾም ቤት ውስጥ የሚሠራ

የበሶ ብጥብጥን እንደ ፕሮቲን መጠጥ የሚቆጥሩት ብዙ ናቸው። በሶ ግሩም የጉልበት ምግብ ነው፤ ነገር ግን ሦስት የሾርባ ማንኪያ (30 ግራም) በሶ የሚሰጠው ፕሮቲን 3 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጥራጥሬ ጋር ይጣመር።

እኛ የምንመርጠው የሙሉ አኩሪ አተር ሼክ ነው፣ ምክንያቱም ሳይጠለል ስለሚጠጣ ፕሮቲኑ አይባክንም። ለአንድ ሰው 60 ግራም ደረቅ አኩሪ አተር ለቅመው ከ8 እስከ 12 ሰዓት በብዙ ውሃ ይዘፍዝፉ። ውሃውን ይድፉት፤ ሆድ ከሚነፉት ስኳሮች ከፊሉ አብሮ ይሄዳል። በእጅ እያሹ ልጣጩን ያውጡና በአዲስ ውሃ ይቀቅሉት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ስለሆነ በተራ ድስት ሦስት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ፕሬዠር ካለዎት 25 ደቂቃ ይበቃዋል። በጣቶችዎ መካከል ሲጫኑት ካልፈረጠ አልበሰለም። ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን የሚፈጨውን የሰውነት ኢንዛይም የሚያግድ ነገር አለው፣ ያልበሰለ ከጠጡ ሆድዎን ያማል፣ ፕሮቲኑም አይጠቅምዎትም። የበሰለውን ካቀዘቀዙ በኋላ ከ250 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ከአንድ ሙዝ፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤና ከትንሽ ጨው ጋር በብሌንደር ሁለት ደቂቃ ሙሉ ይፍጩት። ከ26 ግራም ያላነሰ ፕሮቲንና 460 ካሎሪ ገደማ ይወጣዋል። ቅዳሜና እሁድ 420 ግራም ደረቅ አኩሪ አተር ዘፍዝፈውና ቀቅለው ከፋፍለው ፍሪዘር ውስጥ ቢያስቀምጡ ለሳምንቱ ይደርሳል።

የአኩሪ አተር ወተት የሚያወጡ ከሆነ፣ ተፈጭቶ በወንፊትና በንጹሕ ሻሽ ከተጠለለ በኋላ ትልቅ ድስት ይጠቀሙ። አረፋው ገና ሳይፈላ ሽቅብ ይወጣል፤ ብዙ ሰው "ፈላ" ብሎ የሚያወርደው እዚህ ላይ ነው። እሳቱን ቀንሰው እያማሰሉ ከእውነተኛው መፍላት በኋላ ቢያንስ 15 ደቂቃ ያቆዩት። ከ100 ግራም ጥራጥሬና ከአንድ ሊትር ውሃ የሚገኘው ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 3 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይኖረዋል።

ብሌንደርም ጊዜም ለሌለው ሰው፦ የሽምብራ ቆሎ በደንብ ተፈጭቶ 40 ግራሙ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤና ከ300 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ይበጥበጣል፤ 14 ግራም ገደማ ይሰጣል። በሶው ውሃ እየመጠጠ ስለሚወፍር ወዲያው ይጠጣ። በምትኩ የሽሮ ዱቄት አይጠቀሙ። ቅመሙ አንድ ነገር ሆኖ፣ ከገበያ የተገዛ ሽሮ ጓያ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ጓያ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ እግርን ለዘለቄታው የሚያሽመደምድ መርዝ አለው። ለውዙም ተለቅሞ ይግባ፤ የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም መራራ ፍሬ ጉበትን የሚጎዳ አፍላቶክሲን ሊይዝ ይችላል፣ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

ሲበላሽ

ሆድ መንፋትና ተቅማጥ ከመጣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ላክቶስ ነው፤ ለሦስት ቀን ወደ አይሶሌት ወይም ወደ አተር ዱቄት ቀይረው ይሞክሩ። ካልተሻለ ዝርዝሩ ላይ ሶርቢቶል ወይም ማልቲቶል የሚሉ ጣፋጮችን ይፈልጉ። አዲስ ጀማሪ ለመጀመሪያው ሳምንት በግማሽ መጠን ይጀምር። ሆድ ድርቀት ከሆነ ግን ጥፋቱ ሼኩ ሳይሆን ሼኩ የተካው ምግብ ነው፤ ጎመኑና ምስሩ ሲቀሩ ፋይበር (የምግብ ጭረት) አብሮ ይቀራል። ለዚህ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባና ተጨማሪ ውሃ ይረዳል።

ክብደት ለመቀነስ ጀምረው ከጨመሩ፣ ሼኩን በምግብ ምትክ ሳይሆን በምግብ ላይ እየጠጡት ነው። የተዘጋጀ ሼክ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ እንደ ዱባይ ወይም እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት አንድ ሰዓት ይበዛበታል። ሼከሩ ከተጠጣ በኋላ ወዲያው በውሃ ይታጠብ። የሸተተ ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በሞቀ ውሃ ሞልተው አሳድረው፣ የክዳኑን ጎማ አውልቀው ይጠቡት፤ ሽታው የሚደበቀው እዚያ ሥር ነው።

ለአዛውንቶችና መድኃኒት ለሚወስዱ

ለእናት ወይም ለአባት የሚሠሩ ከሆነ ትልቅ ብርጭቆ አይስጧቸው። 150 ሚሊ ሊትር በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ማዕድ መካከል ይሁን፤ ልክ ከምሳ በፊት ከሆነ ይጠግቡና ምሳውን ይተዉታል። ሲውጡ የሚያስላቸው ከሆነ ሐኪም ሳያይ ቀጭን መጠጥ አይሰጥ። ሕፃናትን በተመለከተ ደግሞ የአዋቂ ፕሮቲን ዱቄት ለእነሱ አልተሠራም፤ የከሳ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ነው የሚወሰደው።

ጤነኛ ኩላሊት ከላይ የጠቀስነውን መጠን ይችላል። የደከመ ኩላሊት ግን በትርፍ ፕሮቲን ሊባባስ ይችላል፣ ድክመቱም ለዓመታት ሳይሰማ ሊቆይ ይችላል። ደም ብዛት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና የሽንት ፕሮቲን ይመርመር።

የታይሮይድ እንክብል (ሌቮታይሮክሲን) የሚወስድ ሰው መድኃኒቱንና የአኩሪ አተር ወይም የወተት ሼኩን በአራት ሰዓት ያራርቃቸው። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ቴትራሳይክሊን የተባሉት አንቲባዮቲኮች የታዘዙለት ሰው በሼኩ ውስጥ ያለው ካልሲየም መድኃኒቱን ስለሚይዘው ከሼኩ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ይዋጥ። ለፓርኪንሰን ሌቮዶፓ የሚወስድ ደግሞ ፕሮቲን መድኃኒቱ ወደ አንጎል እንዳይገባ ስለሚሻማው ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር ሼክ አይጀምር።